የፈራጁ ሦስት ቁልፎች

ፈራጁ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የሚደግም ሰው ነው። የዳቦ ሻጩን ሚዛን ይጠረጥራል፤ የጎረቤቱን ሰላምታ ይጠረጥራል፤ አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ዛሬስ ፊትህ ፈካ ስትለው እንኳን «ትናንት ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ያፋጥጣታል። ፈራጁ ያሉት የፎቶ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ሥራው መፍረድ ነውና። ፎቶ አንሺዎቹ ከአንድ ሠርግ ሦስት አራት ሺህ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ዓይኑን የጨፈነውን፣ የደበዘዘውን፣ የተደጋገመውን ጥሎ ለደንበኛው የሚሆነውን የሚያስቀረው እሱ ነው። ከኋላ ያለችውን መስኮት አልባ ክፍሉን ደግሞ ችሎት ይሏታል። ፈራጁ የት ነው ሲባል ችሎት ላይ ነው ይባላል። ፊልም በጨለማ ክፍል ከሚታጠብበት ዘመን ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ቤት ሠርቷል።

በሚሠራበት ፕሮግራም ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚኬደው በኪቦርዱ ቀኝ ጥግ ባሉት ቀስቶች ነው። መጣያው ቁልፍም እዚያው ቀኝ በኩል ነው። ይህ ቀኝ እጁ ለሚታዘዘው ሰው ምንም አይደለም። የፈራጁ ቀኝ እጅ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ መጀመሪያ ማንኪያ ላይ፣ ቀጥሎ ማውስ ላይ። ለሐኪምም ለአለቃም ትንፍሽ አላለም፤ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። እጁ የማያስተማምን ሰው ችሎት ላይ እንደማይቀመጥ ያውቃል። ከዚያች ወንበር ከተነሳ የሚጠብቀው ቤት ውሎ ከእህቱ ጋር ሲፋጠጡ መዋል ነው።

ዘዴ አያጣምና ፕሮግራሙን ሲጎረጉር የአቋራጭ ቁልፎች የሚል ገጽ አገኘ። እዚያ ገጽ ላይ ማንኛውንም ትእዛዝ ለፈለጉት ቁልፍ መስጠት ይቻላል። ሁለት እሁድ ማንም በሌለበት መጥቶ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ሥራውን ሁሉ ወደ ግራ እጁ አዛወረው። ኤፍ ቀጥል፣ ዲ ጣል፣ ኤስ ተመለስ ሆኑ። ሦስት ጣት በሦስት ቁልፍ ላይ፤ መዳፉ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጠገበች ድመት ይጋደማል፣ ቀኙ ኪሱ ውስጥ ነው። በኤፍ ያለፈው ለደንበኛው ይቀራል። በዲ የተጣለው «ውድቅ» ወደሚባል የጋራ ፎልደር ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ፎቶም ወዲያው ብቅ ይላል። ውድቁ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ራሱ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም።

ከሦስት ወር በፊት አለቃው አንዲት ሴት አመጣ። አለቃው የቀድሞው ባለቤት ልጅ ነው፤ ፈራጁ ጠረጴዛ ሥር ሲድህ ያውቀዋል። ሴትዮዋ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሮ ውስጥ በታይፕ የሠራች ናት፤ ቁልፍ ሳታይ ትጽፋለች። የፎቶ ቀለም እያስተካከለች ውጭው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ ተባለ። አለቃው ረዳት አመጣሁላችሁ አለ። ፈራጁ ግን በልቡ «ረዳት አይደለችም፣ ምትኬ ናት» አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ጥርስ ነከሰባት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወረቀት ልትሰጠው ገባችና ከኋላው ትንሽ ቆመች። «ጋሼ፣» አለችው ቀስ ብላ፣ «ይቺ መጣያዋ ቁልፍ ከመቀጠያዋ ጋር በጣም ተጠጋጋች። ትንሽ ብናርቃት አይሻልም?»

ፈራጁ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይበልጥ ቀበረው። እኔ ፎቶ ስፈርድ አንቺ ገና ፊደል አልቆጠርሽም አላት፤ በዚህም አላበቃ፣ በሩ ለማንኳኳት የተሠራ መሆኑን ጨመረላት። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ሲረጋጋ ደግሞ ሌላ ነገር ከነከነው። የትኛው ቁልፍ የቱን እንደሚሠራ ማን ነገራት? እሱ ለማንም አላሳየም። እንግዲህ ጣቱን ስትቆጥር ነበር ማለት ነው።

በቀጣዩ ሰኞ አንዱን የደበዘዘ ፎቶ ለመጣል ዲን ተጫነ፤ ፎቶው ወይ ፍንክች። ደግሞ ተጫነ። የቁልፎቹን ገጽ ሲከፍተው መጣያው ከዲ ተነስቶ ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ተሰዷል፤ ያውም ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ካልተጫኑ አይሠራም። ደሙ ፈላ። ወደ ቦታው መለሰው። በሦስተኛው ቀን እንደገና ተነስቶ አገኘው፤ መለሰው፤ ተነሳ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሁለት ቁልፍ በአንድ ላይ የሚያስጫነው ለምን እንደሆነ ለመገመት ፈራጁ ነጋሪ አላስፈለገውም። ቀኝ እጁን ከኪሱ እንዲያወጣ ነዋ! አለቃው ባለበት አውጥቶ እንዲዋረድ።

መርማሪ ሆኖ አረፈው። ማታ ሲወጣ ኪቦርዱ ላይ አንድ ሽበት አስተኝቶ ይሄዳል፤ ጠዋት ሽበቱ የለም። ይህን ያህል እንኳን ሽበት አያጥረውም። የወንበሩን ከፍታ በማስመሪያ ለካ። የቁልፎቹን ገጽ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ዘበኛውን ሻይ ጋብዞ ሲያወጣጣው ዘበኛው ምንም ሳይደብቅ ነገረው፤ ሁሉ ከወጣ በኋላ ታይፒስቷ ግማሽ ሰዓት ያህል ኮምፒውተር ላይ ትቀራለች፣ ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ትጽፋለች፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ አለቃው ቢሮ ትገባለች። ፈራጁ ይህን ሲሰማ በደስታና በንዴት መሀል ሆነ። ልክ ነበርኩ አለ።

ቤት ገብቶ ለእህቱ ሲያወራላት፣ እህቱ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ራሷን ጠይቃት አለችው። ሌባ ተጠይቆ ያውቃል ወይ ብሎ ተቆጣት። እሷ ግን ዓይኗ የሻይ ብርጭቆ የያዘው ግራ እጁ ላይ ነበር፤ ሻዩ ጠርዝ ለጠርዝ ይዋልላል። ግራውም የቀኙን መንገድ ከጀመረ ሰንብቷል። ብርዱ ነው አላት። ብርድ አልነበረም፤ እሷም አውቃ ብርጭቆውን ተቀበለችው።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በፓስወርድ ቆለፈው። ቁልፎቹ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቁም። ሴትዮዋ ግን አሁንም ማታ ማታ ትቀራለች፣ አሁንም ዓርብ ዓርብ አለቃው ዘንድ ትገባለች። ይህ አላስቻለውም። አንድ ሐሙስ ጠዋት አለቃው ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋና የሆዱን ዘረገፈው፤ ቁልፍ እየቀያየረች ሥራዬን ታበላሻለች፣ ወይ እሷ ወይ እኔ አለ። ስልኩ ላይ ያለውን ማስረጃም አሳየ።

አለቃው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ትንሽ አሰበ። «እውነቱን ልንገርህ ጋሼ» አለው። «አንዳንድ ደንበኛ ፎቶ ጎደለን ሲል ጊዜ ያንተን ስህተት እንድትቆጥርልኝ ነው ያመጣኋት። ሦስት ወር ሙሉ በየዓርቡ ምንም ስህተት የለም ነው የምትለኝ። ስህተት ከሌለማ ምን ትሠራልኛለች? ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ።»

ፈራጁ ከቢሮው ሲወጣ ቁመቱ የጨመረ መሰለው። ሰላይ መሆኗን ከአለቃው አፍ ሰማ። ሰላይዋ ራሷ ደግሞ እንከን አጣችለት! እንዲህ ያለ ድል አይቶ አያውቅም። ሴትዮዋ ሥራ መውጫው ላይ ኮምፒውተሯን ዘጋች፣ ዕቃዋን በቦርሳ ሰበሰበች፣ የችሎቱን በር አንኳኳችና ገባ ሳትል፣ «ጋሼ፣ ነገ ውድቁ ሳይጠፋ አንዴ ይዩት» አለችው። እሱም ሥራዬን አውቃለሁ ብሎ ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ግን ያ ንግግሯ እንደ እሾህ ይወጋው ጀመር። ለምን እዩት አለችኝ? አንድ ነገር ቀብራ ሄዳለች ማለት ነው። ተጠራጣሪ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥምና ውድቁን ከፈተ። አምስተኛው ፎቶ ላይ የሙሽራዋ አባት ልጁን ግንባሯን ሲስም አየ። ፎቶው የጠራ ነው፣ ዓይናቸውም ክፍት ነው፣ ሌላ ግልባጭም የለውም። ወረድ ሲል አንዲት አሮጊት ጥርስ አልባ ሳቃቸውን ይስቃሉ። ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ እየቆጠረ ወረደ፤ ሊጣሉ የማይገባቸው ሠላሳ አንድ ፎቶዎች ነበሩ። «አገኘሁሽ» አለ ጮክ ብሎ። ደህና ደህናውን ጥላ እኔ ላይ ልታሳብብ!

ማስረጃውን ሊይዝ በየፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ከፈተ። ፕሮግራሙ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደጣለ ይመዘግባል። የተጣሉት ከእሱ ኮምፒውተር ነው። ቀኑ ዓርብ ነው። ሰዓቱ ከሁለት ተኩል እስከ አራት፤ ዛሬ ጠዋት። ሴትዮዋ ትናንት ሄዳለች፣ ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዚያች ወንበር አልተነሳም።

ክው አለ። ግራ እጁን አየው። ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ሳለ የመሀል ጣቱ ዲ ላይ በራሱ ጊዜ ትር ትር ይል ነበር፤ ማንም አላዘዘውም። ኤፍን ሲጫን ዲም አብራ ትነካለች፤ ፎቶው ይወድቅና የሚቀጥለው ይመጣል፤ በእሱ ፍጥነት ደግሞ ይህ አይታይም።

ከውድቁ አጠገብ እስከ ዛሬ ልብ ያላለው «የተመለሱ» የሚል ፎልደር ነበር። ውስጡ ሴትዮዋ ከገባችበት ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ፣ ዓርብም ከአሥር ሰዓት በፊት፣ የተጻፈ ማስታወሻ ተደርድሯል፤ ዘጠኝ ፎቶ ተመልሷል፣ አሥራ አራት ተመልሷል፣ ሃያ ሁለት ተመልሷል። ፓስወርድ ካስገባበት ቀን ወዲህ ቁጥሩ አሻቅቧል። ደመረው። ስምንት መቶ ስልሳ ሁለት ሆነ። የመጨረሻው የትናንት ነው፤ የተባረረች ዕለት እንኳን ሳትለቅም አልወጣችም። ፈራጁ በሠላሳ አንድ የሥራ ዓመቱ እንደዚያች ሰዓት አፍሮ አያውቅም።

ሠላሳ አንዱን ፎቶ አንድ በአንድ በማውስ መለሰ። የሚሸሽ ዝንብ የማባረር ያህል ነበር፤ ጠቋሚው አንዴ እላይ አንዴ እታች ይረግጣል። ሲጨርስ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል፤ ላብ አጥምቆታል። ከዚያ ተቀመጠ። ዝም ቢል ወንበሩ የእሱ ነው፤ አለቃው ራሱ እንከን የለህም ብሎታል፤ የሚያውቅ የለም። ሰኞ ግን ሌላ ሠርግ አለ። የሌላ ሰው አባት፣ የሌላ ሰው አያት አለ፤ የሚመልሳቸው ግን የለም።

አለቃው ቢሮ ሲገባ አለቃው ቀና ሳይል «ደግሞ ምን አድርጋ ሄደች?» አለው።

«ዋሽታሃለች» አለ ፈራጁ። «ስህተት የለም ያለችህ ውሸት ነው። ስምንት መቶ ስልሳ ሁለት ፎቶ ጥያለሁ፣ ሁሉንም መልሳልኛለች። ቁልፉን የቀያየረችውም እንዳልጥል ነው።» ሁለቱንም እጆቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። አለቃው እጆቹን አያቸው። ከዚያ ፈራጁ «ደውልላት፣ ወንበሩ የእሷ ነው» አለ።

አለቃው ደወለና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ወደ እሱ ገፋለት። ማነው ስትል ጋሼ ነኝ አላት፤ ስድቧን ሊቀበል አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ስንት ነበሩ?» አለችው፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም።

«ሠላሳ አንድ። ሁሉንም መልሻቸዋለሁ።»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ ጋሼ» አለችው እየፈራች፣ «አለቃው ይሰማዎታል።»

ፈራጁ ቀና ብሎ አለቃውን አየው።

«ይስማ» አላት።