ሦስተኛው ሙዚቃ ፈቃድ አልነበረውም
ምስል አቀናባሪዋን የምትሠራበት የፊልም መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ «መቀስ» ነው የሚላት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምረቃ፣ የሰው ማስታወቂያ ስትቆርጥና ስትቀጥል ኖራለች። ታናሽ እህቷን ያሳደገችውም በዚሁ ሥራ ነው። እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ፤ ፈሪ ናት ብሎ የጠረጠራት ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ከቴሌቪዥን ጣቢያው መልእክት ደረሳት። ስለ አዋላጅ ነርሶች የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይተላለፋል፤ ከዚያ በፊት የሙዚቃዎቹ ሁሉ የፈቃድ ወረቀት ይላክልን ይላል። ሙዚቃዎቹ በሙሉ ከኢንተርኔት የሙዚቃ ማከማቻ በፈቃድ የተገዙ ናቸው ብላ ስላሰበች ነገሩ ቀላል መሰላት። የአንደኛው ተገኘ። የሁለተኛውም ተገኘ። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ክው አለች። ሕፃኑ ሲወለድ የሚሰማው ፒያኖ፣ ድሮ ሠርግ ስትሠራ ዝም ብላ ከኢንተርኔት ያወረደችው ነው። ለጊዜው ብላ አስገብታው፣ ሳትቀይረው ረስታዋለች።

አብሯት ይሠራ የነበረ አንድ አቀናባሪ በእንዲህ ያለ ጥፋት ተባሮ፣ ዕቃውን በካርቶን ታቅፎ ሲወጣ በዓይኗ አይታለች።

አጠገቧ የሚሠራው የድምፅ ባለሙያ ፊቷን አይቶ ጠጋ አለ።

«ምን ሆነሻል? ደም የለሽም እኮ!»

በሹክሹክታ ነገረችው።

«ይሄ ነው እንዴ! የአንደኛውን ወረቀት ርዕስ በሦስተኛው ቀይሪና ላኪው። ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

ቀየረችው። ላከችውም። ከዚያ በኋላ ግን በኮሪደሩ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሊይዟት የመጡ ይመስላታል። ስምንት ሰዓት ላይ ከጣቢያው ተደወለ።

«እህቴ፣ ሦስተኛው ወረቀት አልከፈት አለን። ድጋሚ ትልኪልናለሽ?»

«እ... እሺ» አለች።

አንዱን ውሸት ሁለቴ መላክ አቃታት። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ አለቃዋ ቢሮ ሄደች። አለቃዋን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ ቁጣቸው ምድር ቤት ድረስ ይሰማል።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» ብላ ያደረገችውን ሁሉ ዘረገፈችው።

እትዬ አልጮኹም።

«ማን ነው የመከረሽ?»

«የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔ ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ዛሬውኑ ትወጪ ነበር» አሉ። «ሂጂ፣ ያንን ፒያኖ አውጪው። ለጣቢያው እውነቱን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ከማከማቻው አንድ የጊታር ዜማ መርጣ ተካች፤ ፈቃዱንም ላከች። ፊልሙ በሰዓቱ ተላለፈ። እሷም የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ ቆማ አየችው።

በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ዓመት ሙሉም እትዬ ራሳቸው የፈቃድ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳያዩ የእሷ ሥራ ከመሥሪያ ቤቱ አልወጣም። የድምፅ ባለሙያው ለብዙ ቀን ዓይኗን ማየት አቃተው፤ እሷም ስሙን ለማንም አላነሳችም።