እትዬ የቆፈሩት ጓሮ

ከቤታችን ጀርባ ያለውን ቁራሽ መሬት የኔ ነው ማለት የጀመርኩት እትዬ ከቆፈሩት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አመድ የምደፋበት፣ የተሰበረ ገንቦ የምወረውርበት፣ ሳማ የወረረው ቦታ ነበር። ከተማችን መቱ ዝናብ ስለማያጣት ሳማው የሰው ቁመት ያህል ያድግ ነበር። ባሌ አልፎ አልፎ በገጀራ መታ መታ ያደርገውና ይተወዋል። እኔም ምን ይበቅልበት ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ባሌን ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። የሚኖሩት ጎሬ ነበር። ጣሊያን ጎሬ ሲገባ ባላቸው ከሚያፈገፍገው ጦር ጋር ወጥተው በዚያው ቀሩ፤ መሞታቸው የተሰማው ከወራት በኋላ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸውን ወታደር ሲይዘው ባሌ ሄዶ አመጣቸው፤ የግማሽ ቀኑን መንገድ በእግራቸው መጡ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ገና አልሞላኝም፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችኝ። እጃቸውን ስሜ ተቀበልኳቸው፤ አልጋችንን ለቀቅኩላቸው። ከልቤ አዝኜላቸው ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ዝም አሉ። አንድ ጠዋት ግን ከጓሮ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ እትዬ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ሳማውን ከሥሩ ይነቅላሉ። ዶማውን የተዋሱት ከጎረቤታችን ከኦሮሞዋ አሮጊት ነበር። ሳማው ይለበልብዎታል ይተዉት ብላቸው፣ ከመቀመጥ ይሻላል ብለው መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

ለዚያ ጓሮ ከቤታችን ቤሳ አልወጣም። አፈሩ ለዓመታት የደፋሁት አመድ ነው። እኔ የጣልኩት ቆሻሻ በእሳቸው እጅ እንደዚያ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ማየቱ ራሱ ያናድደኝ ጀመር። ባሌ በአንድ ሙስሊም የቡና ነጋዴ መጋዘን በሚዛን ላይ ይሠራ ነበርና፣ የሚጣለውን የቡና ገለፈት በጆንያ እየተሸከመ ያመጣላቸዋል። ሦስቴ ካልለመንኩት እንጨት የማይፈልጥልኝ ሰው ለእሳቸው ሳይጠየቅ ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ ሳይ አንገበገበኝ። የነጋዴው ሚስት የጤና አዳምና የበሶብላ ቅርንጫፍ ላኩላቸው። አሮጊቷ ጎዳሬና የጎመን ችግኝ ሰጡ፤ እሳቸው ጎመኑን በቋንቋቸው ራፉ ነው የሚሉት፤ ውሎ አድሮ እትዬም ራፉ ማለት ጀመሩ። ከዳሪሙ ለገበያ የሚመጡ ሴቶች በአጥራችን ጥግ ሲያርፉ እትዬ ውሃ ያጠጧቸዋል፤ ሴቶቹም ከነጠላቸው ጫፍ የዱባ ወይም የባቄላ ዘር ፈትተው ይሰጧቸዋል። መቱም የገቡት የጣሊያን ወታደሮች ከሰፈራቸው ውጭ የሚጥሉትን ጣሳ ሳይቀር ለቅመው፣ ታቹን በምስማር በስተው ጦስኝ ተከሉበት።

ዝናቡ ሲጠና ጓሮው ሌላ አገር መሰለ። የጎመኑ ቅጠል ጤዛ ተሸክሞ ያድራል። ዱባው አጥሩን ወጥቶ ወደ መንገዱ ተንጠለጠለ። ባሌ አንድ የወደቀ የዋንዛ ግንድ ጎትቶ መሐል አስቀመጠና፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ በፊት በር ገብቶ በጓሮ በር መውጣት ልማዱ ሆነ። ግንዱ ላይ ከእህቱ ጋር ተቀምጦ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ ጎሬ ይጫወታል። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ሳቃቸውን እሰማለሁ። ልጄም እዚያው ናት፤ እጇን ጭቃ ውስጥ ነክራ «የኔ ራፉ፣ የኔ ዱባ» ትላለች። በመንገድ የሚያልፈው ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ባሬዳ» ይላል፤ ያምራል ማለቱ ነው። በዚያ ቤት አራት ዓመት ስኖር አንድ ሰው አንገቱን አስግጎ የኔን ነገር ያምራል ያለኝ አላስታውስም።

ገበያው ሳስቶ ነበር፤ የገጠሩ ሰው ወታደሩን እየፈራ እህሉን ማውጣት ትቷል። ስለዚህ የምንበላው ከዚያው ጓሮ ነው። እኔ እሠራዋለሁ፣ ባሌ ግን እንግዳ ሲመጣ «እህቴ የነካችው ሁሉ ይበቅላል» ብሎ ያጎርሳል። ጎመኑን የከተፍኩትም፣ በእሳት ዳር የተጠበስኩትም እኔ መሆኔን የሚያነሳ የለም።

እኔም ልትከል ብዬ ተነሳሁ። በፊት ለፊት በኩል ከደጃፉ አጠገብ አንድ መደብ ቆፍሬ፣ ከእሳቸው የጎመን ዘር ሳልጠይቅ እፍኝ ሙሉ ወስጄ በተንኩት። እንደ ሕፃን ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ቢጫ ሆነ። እትዬ ቆም ብለው አዩትና ብታሳሺው ይተነፍስ ነበር አሉኝ። እንዲሁ ነው የምፈልገው አልኳቸው። ወደ ጓሯቸው ተመለሱ፤ ያ ከምክራቸው የባሰ አቃጠለኝ። መደቡ በሳምንቱ ሞተ።

የጣሊያኑ ሹም ከከተማው ዳር ትልቅ ግቢ ነበረው። የሹሙ አስተርጓሚ ሚስት ከኔ ጋር በአንድ ምንጭ ትቀዳ ነበር። ክረምቱ እያለቀ ሳለ አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ፣ ሹሙ የቤቱን ዙሪያ አትክልት አልብሱልኝ እያለ ባሏን እንዳስጨነቀው፣ የሚያውቅበት ሰው ግን እንደጠፋ አማረረች። ማንም የጠየቀኝ የለም።

«እኛ ቤት አሉልሽ» አልኳት። «የባሌ እህት። የነኩት ሁሉ ይበቅላል።»

እንስራዬን አዝዬ ስመለስ፣ ለእትዬ የሚጠቅም ሥራ አገኘሁላቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሆዴ ግን ያውቀዋል። ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ከሆነ ጓሮውም፣ ግንዱም፣ የባሌ የማታ ጨዋታም ለኔ ይቀራል ብዬ ነው የተናገርኩት።

በሁለተኛው ቀን አስተርጓሚው ጠመንጃ ከያዘ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ካደረ ወታደር ጋር መጣ። እትዬ ጎመን እየቆረጡ ነበር። ለሹሙ ግቢ ይፈለጋሉ ሲባሉ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው ነጠላቸውን ለበሱ፤ ተከተሏቸው። እኔ የጠበቅሁት ጥሪ እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። ወደ ጣሊያኖቹ ግቢ ስለገቡ ሴቶች የሚወራውን ሁሉ ያን ጊዜ አስታወስኩት። ባሌ ሲሰማ ሥራውን ትቶ ሄዶ ከሹሙ ግቢ በር ማዶ እስኪመሽ ቆመ። እትዬ እጃቸው ጭቃ ሆኖ ወጡ። አበባ ሲተክሉ ነው የዋሉት። ከእሁድ በስተቀር በየቀኑ ኑ ተብለዋል።

ባሌ አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ግን «ባሏን ለገደሉባት ሰዎች አበባ እንድትተክል ያደረጋት ማን እንደሆነ ባውቅ...» አለ፤ ቀጥሎ የሚለውን አልጨረሰውም። እኔ ልጄን አቅፌ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጓሮው የኔ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ቤቱን ጠርጌ፣ ፀጉሬን ቀብቼ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ አልመጣም። ከሥራው በቀጥታ ወደ ሹሙ ግቢ በር ሄዶ እህቱን ጠብቆ ይዟቸው ነው የሚመለሰው። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ሳይኖሩ እንኳ ማታው የእሳቸው ነበር። በንዴት አረም ልንቀል ብዬ ገባሁና፣ እትዬ ብቅ እስኪል ሲጠብቁት የነበረውን የኮሰረት ችግኝ ነቅዬ ጣልኩ። አረም መስሎኝ ነው፤ ባይመስለኝም እነቅለው ይሆን አይሆን ዛሬም በእርግጠኝነት አልናገርም። እሳቸው ሲመለሱ ከቆሻሻው ለቅመው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መልሰው ተከሉት።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ ገና ነበር። በሹሙ ግቢ ችግኝ ሲሳሳ የሚነቀለው ትርፍ ይጣላል። እትዬ የሚጣለውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ቋጥረው ማምጣት ጀመሩ። ሰላጣ አመጡ፣ ቲማቲም አመጡ፣ ስሙን የማናውቀው ቀይ አበባ ቅርንጫፉን አመጡና በጣሳ ተከሉት። መቱ ውስጥ በድሃ ጓሮ ቲማቲም ሲቀላ መጀመሪያ የታየው እኛ ቤት ይመስለኛል። የነጋዴው ሚስት ሳይቀሩ ሊያዩ መጡ። እንግዳው ሁሉ እኔን በፊት በር ሰላም ብሎ በጓሮ በር ይወጣል። ልገላገላቸው ብዬ ያስወጣኋቸው ሴትዮ ጓሮዬን ይበልጥ አሳምረው መጡብኝ። ሌሎቹ ሲያደንቁ እኔ አንድ ትል ባገኝ ብዬ ቅጠል እገለብጥ ነበር።

በበጋው፣ ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ሳይመለሱ ቀሩ። ባሌ ብቻውን መጣ። ከበሩ ላይ ሲፈተሹ በቀሚሳቸው ጠርዝ ችግኝ ተገኝቶባቸው እዚያው ታስረዋል አለኝ። ግንዱ ላይ ሄዶ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ግንድ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ለአስተርጓሚው ሚስት የነገርኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቶ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ድረስ፣ ለቤት ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል አላናገረኝም።

እትዬ በማግስቱ ጠዋት ተለቀቁ። አንድ ጉንጫቸው አብጧል። ሁለተኛ እንዳይመጡ ተነግሯቸዋል። ውሃ አሙቄ ጉንጫቸውን በጨርቅ እያጠብኩላቸው፣ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አውቃለሁ» አሉ። «የአስተርጓሚው ሚስት በመጀመሪያው ሳምንት ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብናገር የት እሄዳለሁ? ቤቱ ያንቺ ነው። ባልየውም፣ ልጅቷም ያንቺ ናቸው። እኔ ያለኝ ያ የተቆፈረ መሬት ነው፤ እሱንም ቀናሽበት።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። «በጋው ስለገፋ ተክሉ ውሃ ይፈልጋል፣ እኔ ጎኔን አሞኛል፣ ዝናብ እስኪመጣ ውሃውን አንቺ ትቀጃለሽ» አሉኝ። ምንጩ ቀጥኖ ስለነበር እስከ ሶር ወንዝ ድረስ ነበር የምወርደው፤ ጠዋት ሁለት እንስራ፣ ማታ ሁለት እንስራ። እሳቸው ግንዱ ላይ ተቀምጠው በጣት ያሳዩኛል፤ ለዚህ ጥቂት፣ ለዚያ ጠብ ጠብ፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን። ጀርባዬ ተላጠ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሁሉ ጊዜም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ግን ያጠጣሁት ዱባ አበባ ሲያወጣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን ብቻዬን አየሁት።

ከትንሣኤ በኋላ አንድ ማታ ባሌ በጓሮ በር ወጥቶ ቆመና፣ ያጠጣሽው ጎመን ጥሩ ይዟል አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ለኔ በቂ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ እትዬ ወደ ጎሬ ተመለሱ። ቤታቸው ጣሪያው ብቻ ነበር የጎደለው። ከየተክሉ ቅርንጫፍና ዘር ቋጥረው ሄዱ፤ እኔም ሳላጉረመርም ቋጠርኩላቸው። ጓሮው አሁን በእውነት የኔ ሆነ፤ ቀስ ብሎም ለመደኝ። ቲማቲሙ ግን ጠፋብኝ፤ ቀዩ አበባም በዓመቱ ደረቀ። ባሌ ጎሬ ደርሶ ሲመለስ የእህቱ ጓሮ እንዴት እንደሆነ እራት እስኪያልቅ ያወራልኛል፤ እኔ ወጥ እጨምርለታለሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ታመዋል ተብሎ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሲሻላቸው ደረስኩ፤ ከውጭ አስቀምጠውኝ የሚጠጣ ሊያመጡ ገቡ። ጓሯቸው እስከ ቁልቁለቱ ወርዷል። ዙሪያዬን አይቼ ማንም እንደሌለ ሳረጋግጥ ተነሳሁና አንዱን የጎመን ቅጠል በስንዝሬ ለካሁት። ከኔው በአራት ጣት ይበልጣል። ዞር ስል እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ደርሰሽበታል?» አሉኝ።

«ገና ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።