የደረሳ ጥላሸት

ደረሳ በነቀምቴ አንድ የቡና መፈልፈያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጄኔሬተር ጠብቋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያድረውም እዚያው ግቢ ነበር።

በጥር 1971 ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ሁሉ ተወለወለ። በማግስቱ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከልክ አልፎ ትልቁ ሞተር ተቃጠለ። የቮልት መለኪያው መርፌ ግን ልክ በሆነው 220 ላይ ቆሞ ነበር። የመፈልፈያው ሠራተኞች ኮሚቴ ሊቀመንበር ኃይለጊዮርጊስ፣ "ይሄ አሻጥር ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ካላስረዳህ ወህኒ ትወርዳለህ" አለው።

ደረሳ በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን ደረሰበት። የመለኪያው ክዳን ፕላስቲክ ነው፤ በደረቅ ወራት በሱፍ ጨርቅ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና መርፌውን ስቦ ያቆመዋል። ይህን ለማሳየት ኤሌክትሪኩን ወደ ብረቱ ሳጥን የሚያወርድ፣ ቁጥሩን ግን የማይሸፍን ስስ ልባስ አስፈለገው። የኩራዝ ጥላሸት ሰብስቦ በሳሙና ውሃ በጠበጠ። ሲያወፍረው መርፌው ይለቀቃል፣ ቁጥሩ አይታይም። ሲያሳሳው ቁጥሩ ይታያል፣ መርፌው ይያዛል።

"ኦቦ ደረሳ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሊኳሉ ነው?" አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ድርቤ።

"ሙሽራ ካገኙልኝ እኳላለሁ፣ አዴ ድርቤ።"

ሳቀች። ልጇ ከታሰረ ወዲህ ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ግቢው በተወለወለ ዕለት የመለኪያውን ክዳን የወለወለችው እሷ ነበረች። ደረሳ ይህን ያውቃል፤ እሷ ግን ምን እንዳመጣ አልገባትም።

በዘጠነኛው ቀን ልባሱ እንደ ቀጭን ሻይ ሆነለት። ኮሚቴው ፊት ያልተቀባ ክዳን ወለወለ፤ መርፌው ቆመ። ከውስጥ የተቀባውን ወለወለ፤ መርፌው እንደ ልቡ ተንቀሳቀሰ፣ ቁጥሩም ተነበበ።

ኃይለጊዮርጊስ ጎንበስ ብሎ አየ። "ገባኝ። ታዲያ ያን ቀን ማን ወለወለው?"

ድርቤ በሩ ላይ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። አሁን ገብቷታል፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እኔ ነኝ" አለ ደረሳ።

"ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ሳያውቅ ወለወለ?"

ደረሳ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ድርቤ እዚያው ወህኒ ላለው ልጇ ምግብ ስታመጣ ለእሱም ታመጣ ጀመር። አንድ ቅዳሜ፣ "ለምን እንዲያ አደረጉ?" ብላ ጠየቀችው።

"ጎመኑ ጨው በዝቶበታል" አላት።

ዳግመኛ አልጠየቀችውም። በዓመቱ የልጇ ስም ከእስረኞቹ ዝርዝር ጠፋ፤ የት እንደወሰዱት የነገራት የለም። እሷ ግን ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛ መምጣቷን አልተወችም። ደረሳም ሁለቱንም ይቀበላት ነበር።