እናቴ ለወፉ የሰፋችው ጎጆ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እስራኤል አገር ረሆቮት በገባን ሰሞን፣ ሥራዬ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ፒናት ሀይ በሚሉት የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ጥንቸልና ወፍ መቀለብ ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ያንን አገር ቤት ከግራር ጫፍ ጎጆውን የሚያንጠለጥለውን ቢጫ ወፍ ነበር። በሽቦ ቤት ውስጥ ሳየው ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። በእሱ ወገን ወንዱ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ ገብታ ትመረምራለች፤ ካልወደደችው ጥላው ትሄዳለች። የእኛው ግን ሴቷ አጠገቡ እያለች ያኖርንለትን ገለባ ዞር ብሎም አላየውም። ኃላፊዋም ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ሳይዘጋ ካልተጣመረ ለሌላ ቦታ እንደምትሰጠው ነገረችኝ።

ማታ ለእናቴ አጫወትኳት። እናቴ አገር ቤት በስፌቷ የታወቀች ነበረች፤ እዚህ ግን እጇን አጣጥፋ ትውላለች። በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ ሴቶቹ ሁሉ እልል ሲሉ እሷ ዝም አለች። «የእኔ እልልታ አገር ቤት ቀርቷል» አለችኝ። የወፉን ነገር ስትሰማ ግን ቀና አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ጎጆ የሚወጣ ልጅ እንዴት ዘመድ ሳያግዘው?»

በእኛ ወግ ሙሽራ ቤቱን ብቻውን አይሠራም፤ አንዱ እንጨት ያመጣል፣ ሌላው ይከድናል፣ ሴቶቹ የስፌት ዕቃውን ያሟላሉ። እናቴም ከጎንደር ጀምሮ ስትሳሳለት የኖረችውን ቀለም የገባ አክርማ አውጥታ ወስፌዋን ያዘች። ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ በሩ ወደ ታች የዞረ ጎጆ ሰፋች። ብችል እኔው እገባበት ነበር።

አብረን ሄደን ሰቀልነው። ወፉ መጣ፣ ዙሪያውን አየው፣ ከዚያ ጥለቱን በምንቃሩ እየተረተረ መሬት ላይ ይበትነው ጀመር።

«እኔ የሰፋሁትን! ኧረ ይሄ ባለጌ!» አለች እናቴ ሽቦውን ጨብጣ።

ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። በአውቶቡስ ስንመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በቃ፣ ተቀየመችው አልኩ።

በነጋታው ግን ከእኔ ቀድማ ለባብሳ ጠበቀችኝ። «ቂል ነኝ» አለች። «የእኔን አፍርሶ ወዴት እንደሄደ አላየሽም? በሽቦው የገባችውን እርጥብ ሣር ነው የጎተተው። ደረቅ አይፈልግም። ደግሞ ሴቷ እያየችው ራሱ ካልሠራ ምኑን ወንድ ሆነ?»

ከግቢው ዘንባባ እርጥብ ቅጠል ቆርጠን ሽቦው ላይ ሰካንለት። እናቴ እጇን አጣጥፋ ቆመች፤ ያን ጊዜ ግን በፈቃዷ ነበር።

ወፉ ቅጠሉን በረጅሙ ሰንጥቆ ቋጠረ፣ እንደ ቀለበት አዞረው፣ ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ ምንቃሩ እስከደረሰ ድረስ በዙሪያው ሸመነ። ሴቷ መጣች፣ ጎተት ጎተት አድርጋ ጥላው ሄደች። ጎጆው ሲጠወልግ እሱው አፈረሰና እንደገና ጀመረ። እናቴ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ሴቷን «ኩራትሽስ ልክ የለውም!» እያለች ትቆጣታለች፤ እሱን «አይዞህ የኔ ጌታ» ትለዋለች።

ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አዲሱን ጎጆ ጨረሰ። ከበሩ ሥር ተዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ ጮኸ። ሴቷ ገባች። ወጣች። እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። ሴቷ መሬት ወርዳ አንዲት ላባ አነሳችና ይዛት ተመልሳ ገባች። መኝታ ልታነጥፍ ነው!

እናቴ ነጠላዋን አደገደገችና እልልታዋን ለቀቀችው። ልጆቹ ከየክፍሉ ግር ብለው ወጡ። ኃላፊዋ ቁልፏን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«ምንድን ነው? ማን ተጎዳ? ሀኮል ቤሰደር?» ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው።

«ቤሰደር! ቤሰደር!» አለች እናቴ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ቀጠለች፣ «ልጃችን ጎጆ ወጣ በያት።»

እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት እናቴ እልልታውን ደገመችው።