ስድስት ቀን የቆየ ንቅሳት

ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ቆቦ ላይ ተዳረች። ከሰርጉ በፊት እጇ ላይ ሂና አሠርታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ እስከ መልሱ ቀን እንዳይለቅባት ምን ብታደርግ እንደሚሻል ጠየቀችኝ። የደረቀውን በጣትሽ እያሸሽ አራግፊው እንጂ በውሃ አትጠቢው፣ ከዚያ ቅባት ቀቢው አልኳት። ከየት እንዳወቅሁት ስትጠይቀኝ ግን ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ባጭሩ የሚመለስ አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሰባ ሰባቱ ክፉ ድርቅ ወዲህ ማሽላው ደህና አድርጎ የያዘበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ ከዋጃ እስከ ጎብዬ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ማሽላ ብቻ ነው። ሰው እሸት በልቶ ሲጠግብ ድግስ ማሰብ ጀመረ። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለሲሳይ ታጨሁ። የጎብዬ ልጅ ነው። በገበያ ቀን ሁለት ጊዜ በሩቅ አይቼዋለሁ፤ አልጠላሁትም።

ሽማግሌዎቹ ከእናቱ ከወይዘሮ የሽመቤት አንድ መልእክት ይዘው መጡ፤ ሙሽራዋ አንገቷን ተነቅሳ ትምጣ የሚል። አባቴ ማንንም ሳይጠይቅ «ይደረጋል» አለ። እናቴ ግን ፊቷ ጠቆረ። ታናሽ እህቷ በልጅነቷ ስትነቀስ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ትኩሳት ይዟት በሳምንቱ ሞታለች። እኔም መርፌውን እያሰብኩ እህል አልበላ አለኝ። አልነቀስም ብል ጋብቻው ይፈርሳል፣ የአባቴም ቃል ይወድቃል።

መላውን ያገኘችው ጎረቤታችን ዘሃራ ናት። እናቷ ለሙሽሮች ሂና ትሠራ ስለነበር እጇ ጥሩ ነው። አንገቴን በሎሚ አሽታ ቅባቱን አስለቀቀችልኝና አደረቀችው። ሂናውን በሎሚና በወፍራም ሻይ ለውሳ፣ በቀጭን የስንደዶ ጫፍ ሦስት ረድፍ መስመር በአንገቴ ዙሪያ ሣለችልኝ። በጉሎ ቅጠል ሸፍነን ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቅን። አንገቴን ሳላዞር ስቀመጥ ዘሃራ ቆሎ ታጎርሰኝ ነበር። ሂናው ቀይ ሆኖ ሲቀር የኩራዝ ጥላሸት ከግራር ሙጫ ጋር በጥብጣ በላዩ አስኬደችው፤ ሲደርቅ ጥቁር ሰማያዊ፣ ልክ እንደ እውነተኛው ሆነ። እናቴ አይታው ፊቷን አዞረችና አለቀሰች። ከዚያ የተረፈውን ጥላሸትና ሙጫ በጨርቅ ቋጥራ ጓዜ ውስጥ ከተተችልኝ።

ሰርጉ አልፎ ሲሳይ ቤት ስገባ የጎብዬ ሙቀት ለኔ አላዘነም። ሙጫው በላብ እየሟሟ አንገትጌዬን ያጠቁረው ጀመር። በየማለዳው ሲሳይ ከብት ሊያወጣ ሲሄድ በእጅ መስታወት እያየሁ መስመሮቹን እደግማቸዋለሁ። ፊቴን ስታጠብ ውሃው ከአገጬ እንዳይወርድ እጠነቀቃለሁ፤ ነጠላዬን ከአንገቴ አላወርድም። ሰው ሁሉ አይናፋር ናት ብሎ ወደደኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ ነበር። ባልሆንኩት ተወደድኩ።

በስድስተኛው ቀን አማቴ ግቢው ጥላ ሥር ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ሹሩባ ልትሠራኝ ፀጉሬን ቅቤ ቀባችኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። ቅቤው ቀልጦ ከላቤ ጋር በማጅራቴ ወረደ፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። እጇ ቀጥ አለ። የነጠላዋ ጫፍ ጠቁሯል። ትንሿ ልጇ እታገኝ በአጠገባችን ማሽላ ትፈለፍል ነበር፤ እሷም ቀና ብላ አየችን።

ልዋሽ ብዬ ነበር። የጠቆረውን ነጠላዋን ሳይ ግን ተውኩት።

«እትዬ፣ አልተነቀስኩም» አልኳት። «አክስቴ በመነቀስ ነው የሞተችው። እናቴ ፈራች፤ እኔም ፈራሁ።»

ወደ አባቴ ቤት የምትመልሰኝ መስሎኝ በልቤ ልብሴን እያጣጠፍኩ ነበር። ከዚያ ከኋላዬ በዝግታ፣

«እኔን ሦስት ሴቶች ይዘው ነው የነቀሱኝ» አለች። «አሥር ቀን ውሃ መዋጥ አቅቶኝ ነበር።»

ታዲያ ለምን እኔን አዘዝሽኝ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ነገረችኝ። ልጇን ያልተነቀሰች አገባ ብለው ጎረቤቶች እንዳያሙት ብላ ነው። ለፋሲካ ደግሞ እታገኝን እንድትነቅስላት ለነቃሿ ነግራ እንደነበር አጫወተችኝ። ይህን ብላ ሹሩባዬን መሥራት ቀጠለች። ስትጨርስ ጨርቅ በውሃ አርሳ ሰጠችኝና፣

«ጥረጊው። አንገትሽን እንየው» አለችኝ።

ጥላሸቱ ለቀቀ፤ የሂናው ቀይ መስመር ብቻ ቀረ። እሱ ደግሞ በሁለት ሳምንቱ በራሱ ጠፋ። በማግስቱ አማቴ ራሷ ነቃሿ ቤት ሄዳ እንዳትመጣ ነገረቻት። ጎረቤቶቹ ትንሽ አሙ፣ ከዚያ ሌላ የሚያሙት አገኙ።

ያን ቤት ስገባ ከሲሳይም ከሥራውም ይልቅ የፈራሁት አማቴን ነበር። ዛሬ አርፋለች፤ እኔም እሷ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ ካለፍኩ ቆየሁ። ያን ቀን ብዋሽ ኖሮ ስንት ጠዋት በመስታወት ፊት እቀመጥ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እሷ ናት። ራሷ ያየችውን ሕመም ለሌላው ልታወርስ ደርሳ፣ አንድ ሰው እውነቱን ሲነግራት ሰምታ ተመለሰች። እታገኝ አሁን ዋጃ ትኖራለች፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ስትስቅ አንገቷን ወደኋላ ትጥላለች፤ ምንም ንቅሳት የለበትም።