ያሬድ፣ ጋሼ ሬይና አንዲት ኳስ

ባለፈው ቅዳሜ ለወንድሜ ልጅ ጫማ ልገዛ ሰንሪጅ ሞል ገብቼ፣ የስፖርት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ እግሬ ቆመ። አዲስ ቆዳ ሸተተኝ። ቆዳ ብቻ ቢሆን አልፌው እሄድ ነበር፤ አጠገቤ የቆመች እናት ግን በብርድ የደረቀ የልጇን እጅ ቫዝሊን እየቀባች ነበርና ሁለቱ ሽታ ተቀላቀለ። ቆዳና ቫዝሊን! ወይ ጉድ፣ ያሬድ መጣ። የጎረቤታችን የእትዬ አስናቀች ልጅ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩት ሰው፣ የቤዝቦል ጓንቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ቫዝሊን ሲያሽ ታየኝ። ጫማውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ሁለት ቤተሰቦች ነበርን። እናቴ ቅዳሜና እሁድ ሺፍት ስለምትገባ ያደግኩት እነ እትዬ አስናቀች ቤት ነው ማለት ይቻላል። እትዬ አስናቀች ቆፍጣና ነበሩ። እሳቸው ቤት ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ አይቆርስም፤ ታላቅ ሳያልፍ ታናሽ በር አያልፍም፤ ታላቅ እያወራ አፉን የሚከፍት ልጅማ ወዮለት! እኔ ለፍላፊ ስለነበርኩ ጭኔ ከቁንጥጫ አርፎ አያውቅም። በሃያ ዓመት ገደማ የሚበልጠኝ ያሬድ ግን በልጅነቱም አንድም ቀን አልተቆነጠጠም አሉ። በስምንት ዓመቱ ካናዳ የመጣ፣ እዚሁ ያደገ፣ እንግሊዝኛው የፈረንጅ የሆነ ልጅ፣ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ይሉ ነበር እትዬ አስናቀች፣ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው።

ይሄ ልጅ ታዲያ ቤዝቦል ተጫዋች ሆነ። የኛ ሰው ኳስ ሲባል እግር ኳስ እንጂ ሌላ ምን ያውቃል? ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቃቸው እትዬ አስናቀች «በዱላ የሚጫወቱት ነው» ብለው ነበር የሚገላገሉት። የያሬድ ዋናው ሥራ ግን ዱላው አልነበረም። እሱ የሚቆመው ከሜዳው ጀርባ፣ ሩቅ ሣሩ ላይ ነው። ኳሷ ተመትታ ወደ ሰማይ ስትወጣ ሮጦ፣ መሬት ሳትነካ በጓንቱ ይቀልባታል። ሲሮጥ ብታዩት! ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጥና እጁን ሲዘረጋ ኳሷ እዚያው ናት። እኔ ከሱ የተሻለ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ግን የሚይዘው ቡድን ጠፋ። እዚህ ይሞክራል፣ እዚያ ይሞክራል፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይመልሱታል። ቀን ቀን አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያወርዳል፣ ከሥራ ሲወጣ ይለማመዳል። ሠላሳ ሊደፍን ሲል፣ ኦኮቶክስ ከተማ አጠገብ የሚለማመድ አንድ ትንሽ ፕሮፌሽናል ቡድን ለሙከራ ጠራው። የሚፈልጉት ተጠባባቂ ነው፤ ከኋላ ከሚቆሙት አንዱ ሲታመም ወይም ሲደክመው የሚተካ።

«ቆይ፣ ተጠባባቂ ማለት ቤንች ላይ የሚቀመጠው አይደል?» አሉ እትዬ አስናቀች።

«አዎ እማዬ።»

«ለመቀመጥ ነው እንዲህ የምትሮጠው?»

ያሬድ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እማዬ፣ ይሄ ካልሆነ በቃኝ» አለ። «ቃሌ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠራኝም የለም። ጓንቱን እሰቅልና ሰሜን፣ አጎቴ ጋ፣ ነዳጅ ማውጫው ካምፕ እገባለሁ።» እትዬ አስናቀች ይሄን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ሲጸልዩ ነበር። ሲሰሙት ግን ፊታቸው ጠቆረ።

የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኳስ በሁለት ሰው መሃል ስትወርድ፣ የሚቀርባት ሰው «የኔ ነው!» ብሎ መጮህ አለበት፤ ሌላው ሰምቶ እንዲለቅለት። ካልጮኸ ወይ ይጋጫሉ፣ ወይ አንተ ትይዛለህ አንተ ትይዛለህ ሲባባሉ ኳሷ ትወድቃለች። ያሬድ አይጮህም። እየሮጠ ይመጣና፣ ሌላው ሰው በዕድሜ ከሱ የሚበልጥ ከሆነ ድምፁ አይወጣም። ከዚያ በፊት የመለሰው አሠልጣኝ «ዲዳ ነህ እንዴ?» ብሎታል።

ስለዚህ ያን ዊንተር ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በረዶ ላይ ጩኸት ስንለማመድ ከረምን። እኔ አሥር ዓመቴ ነው። እሱ ኳሷን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ሁለታችን እንሮጣለን፣ «የኔ ነው!» ብሎ ሲጮህብኝ ማዶ ፒገን ትሬል አውራ ጎዳና ላይ ያሉ መኪኖች የሚቆሙ ይመስለኝ ነበር።

«ይኸው ትችላለህ!» አልኩት።

«አንቺ ላይማ ምን አለ» አለ፤ ራሱን ነቀነቀ።

ይሄን ለእትዬ አስናቀች የነገርኳቸው እኔው ለፍላፊዋ ነኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ካፖርታቸው ላይ እንዳጣፉ፣ የበረዶ ቦቲ አጥልቀው ሜዳው ላይ ከች አሉ።

«በል እኔ ላይ ጩህ» አሉት።

«እማዬ ተይ፣ ትወድቂያለሽ።»

«ጩህ ብዬሃለሁ!»

ወረወረ። እትዬ አስናቀች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ፤ ወይኔ አሯሯጣቸው! ያሬድም ሮጠ፣ ደረሰ፣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቆመና ጓንቱን ዘርግቶ፣ በር ላይ እንደሚያስቀድማቸው፣ «እለፊ» አላቸው። ኳሷ በረዶው ውስጥ ጥልቅ አለች። እኔ በሳቅ ተንከባለልኩ። እሳቸው ግን «ድገም» አሉት። ደገመ፣ ደጋገመ፣ አልወጣውም። በመጨረሻ «የኔ ነው… ይቅርታ እማዬ!» ሲል እሳቸውም አላስቻላቸውም፣ ሳቁ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ፊታቸው ላይ ሳቁ አልነበረም።

ሜይ ላይ ሙከራው ተጀመረ። ሌሎቹ እየተንጠባጠቡ ቀርተው ለአንዱ ቦታ ሦስት ሰዎች ተረፉ። አንዱ ከሳስካቹዋን የመጣ፣ ጢም እንኳ ያላወጣ ረጅም ጎረምሳ ነው። አንዱ ያሬድ ነው። ሦስተኛው ሬይ የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ፣ ሁለቱንም ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ የሚሮጥ ሰው ነው። ድሮ ትልቅ ቦታ ደርሶ ነበር አሉ፤ አሁን ግን ልጆቹን ሩቅ ጥሎ የመጨረሻ ዕድሉን ሊሞክር የመጣ፣ ቫኑ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። ያሬድ ራት ላይ ይሄን ሲያወራ እትዬ አስናቀች ጉርሻቸውን መለሱት።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አርባ ሳይጠጋ አይቀርም።»

«በዚህ ብርድ መኪና ውስጥ? የሰው ልጅ?»

በማግስቱ በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ አምባሻ አስያዙት። «እማዬ፣ ሰውዬው እኮ የኔን ቦታ ነው የሚፈልገው!» ቢላቸው፣ «ታዲያ ሆድ የለውም?» አሉት። ከዚያ ወዲያ አምባሻው በየቀኑ ሆነ። ሰውየውም ፎጣውን አጣጥፎ ይመልሳል። ብዙም ሳይቆይ ሬይ እኛ ቤት «ጋሼ ሬይ» ሆነ። ጋሼ ሬይን ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጋሼ ሬይ ለልጆቻቸው ደወሉ? ያሬድ ራሱ ሳያስበው «ዛሬ እንዲህ አሉኝ» ማለት ጀመረ። ፈረንጅ አንቱ ሲባል ሰምቼ ስለማላውቅ በጣም ያስቀኝ ነበር።

ያሬድ ግን እየከሳ ሄደ። ምግብ አልወርድ አለው። አንድ ቀን በረንዳው ደረጃ ላይ ጓንቱን ሲቀባ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ሳሮንዬ፣ ባይሆንስ?» አለኝ። «ይሆናል» አልኩት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም» አለ። «ለመቀመጥ እንኳ ካልፈለጉኝ እኔ ምንድነኝ?» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ፈራሁ።

የመጨረሻው ቀን የልምምድ ጨዋታ ነበር። በሃይዌይ 2A አድርገን፣ ያሬድ እየነዳ፣ እትዬ አስናቀች ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አምባሻው ጭኔ ላይ፣ ኦኮቶክስ ደረስን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። መቀመጫው ላይ ከኛ ሌላ ጥቂት ሰው ነው ያለው። ሦስቱንም አንድ ላይ ከኋላ አቆሟቸው፦ ያሬድ መሃል፣ ጋሼ ሬይ በግራው፣ ጎረምሳው በቀኙ። ያሬድ ያን ቀን ያመለጠችው ኳስ አልነበረችም። እትዬ አስናቀች ጨዋታው ባይገባቸውም በያዘ ቁጥር እጄን ጭምቅ ያደርጉት ነበር።

ሊያልቅ ሲል ኳሷ ተመታችና ሽቅብ ወጣች። በያሬድና በጋሼ ሬይ መሃል ልትወርድ ነው። ለያሬድ ትቀርባለች፤ እኔ እንኳ አውቄዋለሁ። ጋሼ ሬይ አንጋጠው እያነከሱ ይመጣሉ።

«ጩህ!» አልኩ ተነስቼ።

እትዬ አስናቀችም ተነሱ። «የኔ በል! ያሬድ! የኔ በል ልጄ!» ድምፃቸው ሜዳውን ሞላው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ያሬድ አፉን ከፈተ። አየሁት፣ ከፍቶት ነበር። ከዚያ የጋሼ ሬይን ሽበት አየ መሰለኝ፣ ቆመ። ጓንቱን ዘርጋ አደረገ፤ ያንኑ የበሩን ምልክት፣ ይለፉ። ጋሼ ሬይ ደግሞ ዓይናቸው ሰማይ ላይ ነው፣ ምልክቱን አላዩም። ድምፅ ይጠብቁ ነበር። ድምፁ ሲቀር በመጨረሻዋ ቅጽበት ራሳቸውን ወረወሩ፤ ኳሷ ከእጃቸው ፊት ሣሩ ላይ ጠብ አለች።

ጋሼ ሬይ ቶሎ አልተነሱም። ያሬድ ሊያነሳቸው ሲያጎነብስ እጁን ገፍተው በእንግሊዝኛ ጮኹበት፤ እኛም ጋ ተሰማ። ወዲያው ኮቹ ሦስቱንም ጠራና ቦታውን ለጎረምሳው ሰጠው። ጋሼ ሬይን በጉልበታቸው ምክንያት አሰናበታቸው። ያሬድን ደግሞ «አንተ አልፈለግከውም» አለው። ያሬድን! ስንቱን ዓመት ሌላ ነገር ያልፈለገውን ልጅ! አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

መኪናችን ውስጥ ከገባን በኋላ ጋሼ ሬይ እያነከሱ መጡ። ፎጣውን እንደተለመደው አጣጥፈው በመስኮቱ ሰጡን፣ ኮፍያቸውን ለእትዬ አስናቀች አነሱና ወደ ቫናቸው ሄዱ። ያሬድ ሞተሩን አስነሳ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ እትዬ አስናቀች ወደ እኔ ዞሩ።

«ሜዳው ላይ ምን ነበር ያሉት?»

የምተረጉመው እኔ ሆንኩ። «‹ለምን አልጮህክም? ብትጮህ እለቅልህ ነበር። ዝም ብለህ ሁለታችንንም ጨረስከን› ነው ያሉት» አልኳቸው።

እትዬ አስናቀች ፎጣውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። «እኔ ነኝ» አሉ ከውስጡ። «እኔ ነኝ አፍህን የሰፋሁት።»

«ተይ እማዬ።»

«እኔው ነኝ!»

«አክብሬ ገደልኳቸው» አለ ያሬድ። እስከ ቤት ድረስ እንባውን ሳይጠርግ ነበር የሚነዳው።

ቃሉን ጠበቀ፤ ሰሜን ሄደ። እስካሁን እዚያው ነው፤ ትራክ ይነዳል። ለገና ሲመጣ ሰላም እንባባላለን፣ በር ላይ ታናሹ የሆንኩትን እኔን እንኳ ያስቀድመኛል። ቤዝቦል ቲቪ ላይ ከመጣ ግን ተነስቶ ይወጣል።

ከሰንሪጅ ወጥቼ በቀጥታ የነዳሁት ኤሪን ውድስ ነው። እትዬ አስናቀች አርጅተዋል፣ በሩን ለመክፈት ብዙ ቆዩ። ጓንቱ ያሬድ የሰቀለው ቦታ፣ ከካፖርቶቹ ጎን፣ አሁንም ተሰቅሏል። ደርቆ የሚሰነጠቅ መስሎኝ ነካሁት፤ ልስልስ ያለ ነው።

«ማን ነው ቫዝሊን የሚቀባው እትዬ?»

«ማን ይቀባዋል? እኔ ነኛ።»

የወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት ቤዝቦል መጀመሩን ስነግራቸው ጓንቱን ከመስቀያው አውርደው እጄ ላይ አደረጉት። እንቢ ብል አልሰሙኝም።

«ለሱ ስጪው» አሉ። «ግን ጩህ በዪው።»

«አጠገቡ ያለው ታላቁ ቢሆንስ?» አልኳቸው፤ ቁንጥጫው ትዝ ብሎኝ ልቀልድ ነበር።

እሳቸው አልሳቁም። ከኔ እጅ ላይ የጓንቱን ማሰሪያ አጥብቀው አሰሩት።

«ታላቁ ሲሆንማ አብልጦ።»