ከጀርባ የተለጠፈው ሰሌዳ

ሆስፒታሉ ውስጥ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው «ጆሮው» ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሕክምና መሣሪያ ሲጠግን፣ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። «ዛሬስ ማሽኗ ምን ሐሜት ነገረችህ?» ይሉታል ነርሶቹ። «የእናንተን ነዋ!» ይላል።

ያን ቀን የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለስጦታ ርክክብ በመጣ እንግዳ ተጨናንቋል። ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ጡረተኛ መምህርት ያለጊዜው የተወለደ የመጀመሪያ ልጃቸውን በጨቅላ ማሞቂያ ሣጥን እጦት የቀበሩ ናቸው። ሦስት ዓመት የሰው በር እያንኳኩ አንድ ማሞቂያ ገዝተው ሰጡ፤ ሁለት ሊጨምሩም ቃል ገብተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ያለጊዜዋ የተወለደች፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ልጅ ተኝታበታለች።

እትዬ ንግግር ሲጀምሩ ጆሮው የማሞቂያው ድምፅ አላማረውም። ጠዋት ልስልስ ያለ ነበር፤ አሁን ደረቱ እንደታፈነ ሰው ያጣጥራል።

«ሲስተር፣ ሙቀቷ ስንት ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት። ቅድም ሠላሳ ሰባትም አልሞላም ነበር! ዶክተሩን ልጥራ?»

ጆሮው በእንግዶቹ መሃል ተሹለክልኮ ከማሞቂያው ጀርባ ተንበረከከ። «ለልጄ መታሰቢያ» የሚል የመስታወት ሰሌዳ ተለጥፏል። እትዬ ልታይ ልታይ ማለት እንዳይመስልባቸው ቅድም ከጀርባ ደብቀው የለጠፉት ራሳቸው ናቸው፤ የለጠፉት ግን አየር መግቢያው ላይ ነው።

ቢሳሳትስ? የሟች ልጅ መታሰቢያ በእናቲቱ ፊት ገነጠለ ይባላል፤ ሁለቱን ማሞቂያዎችም ውኃ በላቸው። ቀና ብሎ ልጅቷን አየ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። መፍቻውን ከሰሌዳው ሥር ሰደደ፤ መስታወቱ ቀው ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

«ምን አደረግህ አንተ?» አሉ እትዬ።

«አየር የሚገባው በዚህ ነው እትዬ። ታፍኖ ነበር።»

ሲስተር ሙቀቱን ትጠራለች። ሰባት ነጥብ ስምንት። አሁንም ሰባት ነጥብ ስምንት። ቆይታ ቆይታ፣ «ሰባት ነጥብ ሰባት!» አለች።

«እኔው ልገድላት ነበር» አሉ እትዬ። ምርኩዛቸውን አስደግፈው እንደ እሱ ተንበረከኩ፤ ጆሮአቸውንም ማሞቂያው ላይ ለጠፉ። ብዙ ቆዩ።

«ሰሌዳውን አጣብቄ ከፊት ላድርገው?» አላቸው።

«ተወው ልጄ። የልጄ መታሰቢያ ይቺው ሕፃን ትሁን፤ ብቻ ትተንፍስልኝ።»